በሌሊት የዱር አሳማ ለማደን የትኛውን የጠመንጃ መነጽር ልግዛ?

ጠያቂ፦ ጀማሪ ከጋርላንድ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ሲሆን፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከኮርሲካና ከተማ ወጣ ብሎ በቆሎ የሚዘራበትና ጥቂት ከብቶች የሚያረባበት መሬት አለው። ባለፈው የዘር ወቅት የዱር አሳማ መንጋ በሁለት ሌሊት ውስጥ አዲስ የተዘራውን በቆሎ ትልም ለትልም እየተከተለ ዘሩን ከአፈር ውስጥ ለቅሞ ስለጨረሰበት፣ ጠመንጃ እንዳለኝ ሲሰማ መጥቼ እንድረዳው ለመነኝ። ሥጋውን እንደማልበላ ስነግረው ሳቀ፤ እሱ የሚፈልገው አሳማዎቹ ከማሳው እንዲጠፉለት ብቻ ነው።

ያለኝ ጠመንጃ በእጅ የሚቀባበል፣ 308 የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ ተራ የቀን መነጽር አለው። በዚህ መነጽር ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከ50 ሜትር በላይ ጥቁር ነገር በጥቁር ላይ ከመሆኑ በቀር የሚታየኝ የለም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ወደ አንድ የመሣሪያ መደብር ሄጄ ነበር። ሻጩ ሁለት ዓይነት መነጽር አሳየኝ፤ አንዱ ሙቀት የሚያይ ቴርማል፣ ሌላው የራሱ የኢንፍራሬድ (ዓይን እምብዛም የማያየው ብርሃን) መብራት ያለው ዲጂታል ናይት ቪዥን ነው። ስለ ቴርማሉ ሲያስረዳኝ ደጋግሞ ያነሳው «እስከ 1,800 ሜትር ያያል» የሚለውን ነበር። የባልደረባዬ ማሳ ግን ከዳር እስከ ዳር ቢለካ 400 ሜትር አይሞላም፤ የምተኩስበትም ርቀት ከ60 እስከ 150 ሜትር ቢሆን ነው።

ለዚህ ጉዳይ ያዘጋጀሁት 2,000 ዶላር ነው፤ ጥቂት ብጨምር እንጂ ከዚያ ብዙ ማለፍ አልፈልግም። በዚህ ርቀትና በዚህ ገንዘብ ቴርማሉ ይሻላል ወይስ ዲጂታሉ? በሳጥኑ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮችስ የትኞቹን ልመን፣ የትኞቹን ልለፍ? ከብቶቹ እዚያው መሬት ላይ ስለሚያድሩ ነገሩ ያሳስበኛል።


መልስ፦ የብራዞስ ዳር

ወንድሜ፣ በመጨረሻ ያነሷት የከብቶቹ ጉዳይ ከሁሉም መቅደም የነበረባት ናትና ከእሷ ልጀምር።

ይህን ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የገዛሁት ቴርማል በጊዜው ከነበሩት ርካሾች አንዱ ነበር። አንድ ሌሊት ከሜስኪት ዛፍ ሥር ሁለት ነጫጭ ቅርጾች ዝቅ ብለው አየሁ፤ ርዝመታቸውም ቁመታቸውም የአሳማ ይመስል ነበር፤ ርቀቱ ከ140 ሜትር አይበልጥም። የጠመንጃውን መጠበቂያ ከፍቼ ጣቴን ወደ ቃታው ሳስጠጋ ከሁለቱ አንዱ አንገት አወጣ። አሳማ ደግሞ እንዲያ ያለ አንገት የለውም። የባለመሬቱ ጥጆች ሣር ውስጥ ተኝተው ኖሯል። ጠመንጃውን አስቀምጬ ለብዙ ደቂቃ እጄ ሲንቀጠቀጥ ተቀመጥኩ። መነጽሩ አንድ ነገር እንዳለ ነግሮኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሻጩ የጠቀሰልዎት 1,800 ሜትርም የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የዛሬ ቴርማል መነጽሮች በአብዛኛው የሚጠቀሙት አንዷ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባት ነጥብ) 12 ማይክሮን፣ ማለትም 12 ሺኛ ሚሊሜትር፣ ስፋት ያላት ሴንሰር ነው። ይህችን 12 ማይክሮን በሌንሱ የትኩረት ርዝመት ሲያካፍሏት አንዷ ፒክስል በሜዳ ላይ የምትሸፍነውን ስፋት ያገኛሉ። ሌንሱ ባለ 35 ሚሊሜትር ከሆነ አንዷ ፒክስል በ100 ሜትር ላይ 3.4 ሴንቲሜትር፣ በ1,800 ሜትር ላይ ደግሞ 62 ሴንቲሜትር ገደማ ትሸፍናለች። ስለዚህ በ1,800 ሜትር ላይ 1.8 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ከላይ እስከ ታች በሦስት ፒክስል ይታያል ማለት ነው። አምራቾቹ «ታየ» የሚሉት ይህንን ነው። ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን በሦስት ነጥብ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው አይተኩስም።

አሁን ይህንኑ ስሌት ወደ እርስዎ ማሳ እናምጣው። በ150 ሜትር ላይ 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው አሳማ በጎኑ ቆሟል እንበል። ባለ 256 በ192 ፒክስል ሴንሰርና ባለ 25 ሚሊሜትር ሌንስ መነጽር ይህን አሳማ በርዝመቱ በ17 ፒክስል ያሳየዎታል፤ ባለ 384 በ288 ሴንሰርና ባለ 35 ሚሊሜትሩ በ23፤ ባለ 640 በ512 ሴንሰርና ባለ 50 ሚሊሜትሩ ደግሞ በ33 ፒክስል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ ጆሮና ጅራት፣ የእግር ውፍረትና የአፍንጫ ርዝመት የሚለዩት በእነዚያ ጥቂት ፒክስሎች ነው። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ በአንድ ነገር ላይ የሚያርፉትን ፒክስሎች የሚያበዛው የሌንሱ ርዝመት ነው፤ የሴንሰሩ ስፋት ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያዩትን ሜዳ ያሰፋልዎታል። ባለ 640ው በ50 ሚሊሜትር ሌንስ በ100 ሜትር ላይ 15 ሜትር ያህል ስፋት ሲያሳይ፣ ባለ 384ቱ በ35 ሚሊሜትር ሌንስ 13 ሜትር ያህል ያሳያል። አነስተኛ ሴንሰር ላይ ረጅም ሌንስ የተገጠመበት መነጽር ሩቁን ቢያቀርብም በጠባብ ቀዳዳ የማየት ያህል ነውና መንጋው ሲበተን አንዱንም ተከትለው አያገኙትም።

«8 እጥፍ ዲጂታል ዙም» የሚለውን ጽሑፍ ፈጽመው ይለፉት። እሱ ያሉትን ፒክስሎች ያሳብጣል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም።

በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ ግን ይመልከቱ። ለውጭ ገበያ የሚሠሩ አንዳንድ መሣሪያዎች በ9 ሄርዝ ብቻ ይሠራሉ፤ ተኩስ ሰምቶ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አሳማ በእነዚህ ላይ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ከ1.2 ሜትር በላይ ይዘላል። በ50 ሄርዝ ግን ዝላዩ ወደ 22 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ትንሹን የሙቀት ልዩነት የመለየት ችሎታ የሚለካው በሚሊ ኬልቪን ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የተሻለ ነው፤ ከ25 በታች ከሆነ ለቴክሳስ ይበቃል። ይሁን እንጂ አንዱ አምራች ሴንሰሩን ብቻ ለክቶ፣ ሌላው ሌንሱን ጨምሮ ለክቶ ስለሚጽፍ የሁለት ኩባንያዎችን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ብዙም አያስተማምንም።

ሌላው ብዙ ጀማሪ የሚረሳው የዓይን ርቀት ነው። የቀን መነጽርዎ ዓይንዎን ወደ 90 ሚሊሜትር ያህል አርቀው እንዲያዩ ይፈቅድልዎታል፤ ብዙዎቹ ቴርማሎች ግን ከ45 እስከ 60 ሚሊሜትር ብቻ ይፈቅዳሉ። 308 ደግሞ ይራገጣል። በቅንድቤ ላይ ያለችውን የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ ያየ ሁሉ ምን እንዳገኘኝ ሳይጠይቅ ያውቃል። መግጠሚያው መነጽሩን በሚገባ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ለማንቀሳቀስ የሚያስችል መሆኑን፣ በጠመንጃዎ ላይም ፒካቲኒ የሚባለው ባለ ጥርስ ሐዲድ መኖሩን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ። ሐዲዱ ከሌለ ባለ 30 ሚሊሜትር ቱቦ ቅርጽ ያላቸው ቴርማሎች አሉ፤ በተራ ቀለበት ይታሰራሉ።

የእኔ ምክር ለእርስዎ ርቀት ባለ 384 በ288 ሴንሰር፣ 12 ማይክሮን፣ ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ቴርማል ነው። ዋጋው ከሞላ ጎደል ከ2,000 ዶላር ጀምሮ ነው፤ ያገለገለ ካገኙ ከዚያ በታች ይወርዳል። ከመክፈልዎ በፊት ግን ከባለመሬቱ ጋር ተነጋግረው በሌሊት ከብቶቹን በ150 ሜትር ላይ ሆነው ይመልከቷቸው። ላሟን ከጥጃዋ፣ ጥጃዋን ከውሻው መለየት ካልቻሉ አሳማንም አይለዩም።


መልስ፦ አልሞ ተኳሽ

የብራዞስ ዳር የጻፉትን አክብሬ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ጠያቂያችን የሚተኩሱት ቢበዛ እስከ 150 ሜትር ነው፤ ከብትም በአጠገቡ አለ። እንዲህ ባለው ቦታ ለይቶ ማወቅ ከሁሉ የሚበልጥ ከሆነ፣ ዲጂታሉ በግማሽ ዋጋ የተሻለ ያሳያል ባይ ነኝ።

ቴርማል የሚያሳየው የሙቀትን ቅርጽ ነው። ዲጂታሉ ግን በኢንፍራሬድ መብራት የተመታውን ነገር እንደ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ፀጉሩን፣ ቀንዱን፣ በጥጃው ጆሮ ላይ የተንጠለጠለውን የቁጥር ምልክት ሳይቀር ያያሉ። የአንድ እንስሳ ዓይን ሲያበራም ወዲያው ይታወቃል። በዚያ ላይ ቴርማል የማያሳያቸው ነገሮች አሉ። የሽቦ አጥርና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ከአካባቢው አየር ጋር እኩል ሙቀት ስለሚይዙ በቴርማል ውስጥ ይሰወራሉ። በአንድ የጥር ሌሊት በጓደኛዬ ቴርማል አነጣጥሬ ንጹሕ ሜዳ ላይ የተኮስኩ መስሎኝ፣ ሲነጋ ስንሄድ ጥይቱ የአጥሩን የእንጨት ምሰሶ ከላይ ገምሶት አገኘነው። በዲጂታሉ ቢሆን ምሰሶውን አየው ነበር።

ድክመቱንም አልደብቅም። ከፊት ለፊትዎ ረጅም ሣር ካለ መብራቱ ከሣሩ ላይ ተመልሶ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል፤ ጉም ካለም እንዲሁ። የመብራቱን ዓይነት ሲመርጡ ደግሞ ባለ 850 ናኖሜትሩ ሩቅ ያበራል፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ለሚመለከተው ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም ይመስላል። ባለ 940ው ፈጽሞ አይታይም፤ ይሁን እንጂ ሴንሰሩ ለእሱ ያለው ስሜት ደካማ ስለሆነ ርቀቱ ያጥራል። እኔ በ850 ስተኩስ አሳማ ደንግጦ ሲሸሽ አላየሁም፤ ኮዮት የሚባለው የዱር ውሻ ግን ሲሸሽ አይቻለሁ። ከመነጽሩ ጋር የሚመጣውን መብራት ትተው የተሻለ ለብቻው ቢገዙ መልካም ነው።

በመደብሮች የሚያገኟቸው ጥሩ ዲጂታሎች ከ500 እስከ 900 ዶላር ይሸጣሉ። በቀረው ገንዘብ ትንሽ በእጅ የሚያዝ ቴርማል ይግዙና እሱን ለመፈለጊያ፣ ዲጂታሉን ለመተኮሻ ያድርጉ። በጠመንጃ ላይ ባለ መነጽር ሜዳውን መቃኘት ማለት አፈሙዝን ባለመሬቱ ቤት፣ በከብቱና በጎረቤቱ ላይ ማዞር ማለት ነው። በእኔ ዘንድ ይህ ልማድ ከአደን የሚያስባርር ነው።


መልስ፦ የብራዞስ ዳር

ስለ አጥሩና ስለ ሽቦው አልሞ ተኳሽ ያሉት ትክክል ነው፤ አልጠቀስኩትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በእጅ የሚያዘውን ቴርማል በተመለከተም ከእርሳቸው ጋር ነኝ።

ነገር ግን የበቆሎ ማሳ ነው እየተባለ ነው። በቆሎው ጉልበት ከደረሰ በኋላ በኢንፍራሬድ መብራት ውስጥ ቅጠሉ በሙሉ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። በቴርማል ግን በቅጠሉ መካከል የአሳማው ሙቀት እየተቆራረጠም ቢሆን ይታያል። የዘር ወቅት ብቻ ከሆነ ዲጂታሉ ያዋጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ከሆነ አያዋጣም።


ጠያቂው፦ ጀማሪ ከጋርላንድ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባልደረባዬን ጠይቄው አሳማዎቹ በቆሎው ሲያሽትም ተመልሰው እንደሚመጡ፣ በክረምትም ኩሬው ዳር ያለውን የግጦሽ መሬት እንደሚገለብጡት ነግሮኛል፤ ስለዚህ ሥራው ዓመቱን ሙሉ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በቀን መነጽሬ ፊት ለፊት የሚገጠም ቴርማል እንዳለ አንድ ሰው ነግሮኝ ነበር፤ እሱ አይሻልም? ሁለተኛ፣ በሕግ በኩል መያዝ ያለብኝ ወረቀት አለ?


መልስ፦ ሂውስተን ደቡብ

ፊት ለፊት የሚገጠመው በቀን መነጽሩ ላይ ያለዎትን ማስተካከያ ሳይነካ ስለሚሠራ መልካም ነው፤ ሆኖም በእርስዎ በጀት የሚገኘው ዓይነት ደካማ ነው፣ ትንሿን ስክሪን በቀን መነጽር 4 ወይም 5 እጥፍ ሲያጎሉትም ፒክስሉ ይበታተናል። ለአሁኑ ይለፉት።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በቴክሳስ የዱር አሳማ ከአደን እንስሳት መዝገብ ውጭ ስለሆነ በግል መሬት ላይ በባለመሬቱ ፈቃድ በዓመቱ በማንኛውም ቀን፣ በሌሊትም በመብራትም በቴርማልም ማደን ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ደግሞ በግል መሬት ላይ የባለመሬቱ ፈቃድ ላለው ሰው ለአሳማ የአደን ፈቃድ መግዛት ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ይህ ግን ለአሳማ ነው። አጋዘን በሌሊት መነጽር ውስጥ ቢገባልዎት ሕጉ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የአደን እንስሳ ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ብቻ ነው። ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ መተኮስም የተከለከለ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ለአካባቢው የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪ መኰንን ስልክ ደውለው «በዚህ መሬት ላይ በዚህ ሌሊት ነን» ብለው ቢያሳውቁ፣ የተኩስ ድምፅ የሰማ ጎረቤት ሲደውል መኰንኑ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ እኔ ሁልጊዜ እደውላለሁ።

ከወገኖቻችን ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ በኩል ችግር የለበትም። በተማሪ፣ በጉብኝት ወይም በመሳሰለው ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን የጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ በፌዴራል ሕግ የተከለከለበት ሲሆን፣ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ በአሜሪካ ክፍለ ግዛት የተሰጠ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ስለዚህ ቴክሳስ ለአሳማ ፈቃድ አትጠይቅም ብሎ በቪዛ ያለ ዘመዱን «ና ጠመንጃ ያዝልኝ» ብሎ የሚወስድ ሰው ዘመዱን ትልቅ መከራ ውስጥ ሊከተው ይችላል።

እኔ ወዳለሁበት ወደ ባሕሩ ዳር ሲመጡ ደግሞ እርጥበቱ የቴርማልን ምስል ያደበዝዘዋል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ መሬቱም ዛፉም እንስሳውም እኩል ይረጥብና ምስሉ ሁሉ አመድ ይሆናል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓትም ቀኑን ሲሞቅ የዋለ ድንጋይና የአፈር ክምር እንደ እንስሳ ያበራልና አይቸኩሉ። ጭቃ ውስጥ ሲንከባለል የቆየ አሳማም ከደረቀው አሳማ ይልቅ ደብዝዞ ይታያል። በመኪና ውስጥ ሆነው በመስኮቱ መስታወት በኩል ለማየትም አይሞክሩ፤ መስታወት ቴርማሉ የሚያየውን የሙቀት ጨረር ስለማያሳልፍ የሚያዩት የራስዎን ፊት ሙቀት ነው። የቴርማል ሌንስ ይህን ጨረር ከሚያሳልፈው ጀርማኒየም ከተባለው ንጥረ ነገር የሚሠራውም፣ የሚወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው።


መልስ፦ የማማው ልጅ

ውይይቱን ሳነብ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። እኛ አገር ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥተን፣ ቀን ዝንጀሮ ሌሊት ከርከሮና እሪያ ስንጠብቅ ያለን መሣሪያ ወንጭፍ፣ ቆርቆሮና ጩኸት ነበር። አጎቴ ዛሬም በዚያው መሬት ላይ ያርሳል፤ ዛሬም ሌሊቱን የሚያድረው ማማ ላይ ነው። በሚቀጥለው ወር ወደ አገር ቤት ስሄድ ለማየት ብቻ የሚሆን በእጅ የሚያዝ ትንሽ ቴርማል በሻንጣዬ ልወስድለት አስቤ ነበር። ችግር ይኖረዋል?


መልስ፦ ሂውስተን ደቡብ

የማማው ልጅ፣ አሳብዎ መልካም ቢሆንም እባክዎ ይተዉት። የሌሊት ማያና ቴርማል መሣሪያዎች በአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ለሽያጭ ባይሆንም፣ በስጦታም ቢሆን፣ በሻንጣ ይዞ መውጣት እንደ ወጪ ንግድ ይቆጠራል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች የሚመለከቱት የንግድ ሚኒስቴርን፣ ሌሎቹ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ስለሆነ ፈቃዱን ማግኘት ለአንድ ግለሰብ ቀላል አይደለም። በወዲያኛውም በኩል ቦሌ ላይ ተራ ባይኖኩላር ይዘው ገብተው የተጉላሉ ሰዎች አውቃለሁ። ለአጎትዎ በፀሐይ የሚሞላ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ይውሰዱላቸው፤ ከእሪያው ይልቅ ለእርሳቸው የሚጠቅመው እሱ ነው።


ጠያቂው፦ ጀማሪ ከጋርላንድ

የመከራችሁኝን ፈጽሜ ተመልሻለሁ። መደብሩ ያሳዩኝን ሁለት መነጽሮች ለመሞከሪያ ስላልሰጠኝ፣ በባልደረባዬ በኩል ጎረቤቱ ያለውን ባለ 256 ቴርማል ተውሼ፣ አንድ ሌላ ሰው ያገለገለ ባለ 384 ቴርማል ሊሸጥልኝ ስለፈለገ እሱንም ወደ ማሳው ይዞልኝ እንዲመጣ ለመንኩት። በቀን ሜዳውን በእርምጃ ለክቼ በ50፣ በ100 እና በ150 ሜትር ላይ ካስማ ተከልኩ። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ ከብቶቹ 130 ሜትር ያህል ርቀው ተኝተው ነበር። በባለ 256ቱ አምስት ነጭ ቅርጾች አየሁ፤ የትኛው ጥጃ፣ የትኛው የባለመሬቱ ውሻ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። በባለ 384ቱ ግን ውሻው ጆሮውን ሲያንቀሳቅስ፣ ጥጃዋም ስታመሰኳ መንጋጋዋ ሲንቀሳቀስ ታየኝ። ያንኑ ሌሊት በ1,700 ዶላር ገዛሁት፤ 480 ዶላር ጨምሬም በእጅ የሚያዝ ትንሽ ቴርማል ገዛሁ፤ ከበጀቴ በመጠኑ አለፍኩ። አሁን የሚቀረኝ ጥይቱ ካነጣጠርኩበት ቦታ እንዲያርፍ መነጽሩን ማስተካከሉ ነው። ቴርማል የወረቀት ዒላማን እንደማያሳይ የተረዳሁት በተኩስ ሜዳው ላይ 20 ደቂቃ ባዶ ነጭ ሰሌዳ ካየሁ በኋላ ነው፤ ምን ላድርግ?


መልስ፦ የብራዞስ ዳር

እንኳን ደስ ያለዎት። ከሕንፃ ዕቃ መሸጫ በ5 ዶላር የሚገኘውን የአልሙኒየም ፕላስተር ይግዙ፤ ለአየር ማስተላለፊያ ቱቦ የሚለጠፈውን ማለቴ ነው። 10 ሴንቲሜትር ጎን ያለው ካሬ ቆርጠው በኮምፖንሳቶ ላይ ይለጥፉና ሰሌዳውን ወደ ሰማይ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ያድርጉት። አልሙኒየም የራሱን ሙቀት ብዙም አይረጭም፤ እንደ መስታወት የሰማይን ቅዝቃዜ ስለሚያንጸባርቅ በመነጽርዎ ውስጥ ጥቁር ካሬ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደመና በሞላበት ቀን ይህ ዘዴ ይደክማልና በዚያን ጊዜ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት በሰሌዳው ላይ ይለጥፉ።

በ50 ሜትር ጀምረው አንድ ጥይት ይተኩሱ፤ ከዚያም ጠመንጃው ከቦታው ሳይነቃነቅ በመነጽሩ ምናሌ ውስጥ ምስሉን ያስቁሙና የማነጣጠሪያውን መስቀል ጥይቱ ወዳረፈበት ቀዳዳ ይውሰዱት። ቀጥሎ በ100 ሜትር ሦስት ጥይት ይተኩሱና አማካዩን ይውሰዱ። በአንዳንዶቹ መነጽሮች ላይ አንዷ የማስተካከያ እርምጃ ከአንድ ፒክስል ጋር እኩል ስለሆነች፣ በእርስዎ ሌንስ በ100 ሜትር ላይ 3.4 ሴንቲሜትር ታንቀሳቅሳለች፤ ከዚያ በላይ ጥራት ፍለጋ ጥይት አይፍጁ። በ100 ሜትር የተስተካከለ 308 በ200 ሜትር ላይ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በቴርማል ውስጥ ርቀትን በዓይን መገመት ደግሞ እጅግ ያታልላልና የተከሏቸውን ካስማዎች እንዳይነቅሏቸው።

መነጽሩ በየጥቂት ደቂቃው «ጠቅ» ብሎ ምስሉን ለአፍታ ያቆመዋል፤ ሴንሰሩን ራሱ የሚያስተካክልበት ነው፤ የተበላሸ እንዳይመስልዎት። ይህንን በእጅ ወደሚታዘዝበት ይቀይሩትና አሳማው ከመድረሱ በፊት ራስዎ ያድርጉት። ትርፍ ባትሪ በውስጥ ኪስዎ ይያዙ። ወደ ፀሐይ ደግሞ በፍጹም አያዙሩት፤ ሴንሰሩ ይጎዳል።


ጠያቂው፦ ጀማሪ ከጋርላንድ

ፕላስተሩ ሠርቷል፤ በ100 ሜትር ሦስቱም ጥይቶች በካሬው ውስጥ አረፉ፤ ቅንድቤም እስካሁን ደኅና ነው። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባልደረባዬ በእጅ በሚያዘው ሲቃኝ 11 አሳማዎች ከወንዙ ዳር ሲወጡ ቆጠረ፤ እኔም በጠመንጃው መነጽር ስመለከት ከትልልቆቹ ኋላ የሚከተሉትን ግልገሎች ሳይቀር አየሁ። አጭር አንገት፣ ረጅም አፍንጫ፣ ቀጥ ብላ የተንጠለጠለች ጅራት፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም። ርቀቱም በሁለተኛው ካስማ ላይ፣ 100 ሜትር ነበር።

አልተኮስኩም። ከመንጋው በስተጀርባ፣ 300 ሜትር ያህል ወዲያ፣ የጎረቤቱ የሣር መጋዘን ሞቆ ሲያበራ በዚያው መነጽር ታየኝ። ባልደረባዬ በጆሮዬ «ለምን?» አለኝ፤ መነጽሩን ሰጠሁት፤ አይቶ ዝም አለ። መንጋው ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆፍር ቆይቶ ሄደ። ቅዳሜ የምንቀመጠው በምሥራቁ በኩል ነው፤ ከዚያ ሲታይ ከትልሙ ጀርባ የኩሬው የአፈር ግድብ አለ።